ስለ «ምንም» የሚጻፍ ድርሰት አለን?

«ሳይንፌልድ» ከተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በአንድ ክፍል ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ድርሰት በተደራሲው ፊት ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስለ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። መምህሩ ተማሪውን፣ የቴአትር ቤቱ ገምጋሚ ደራሲውን፣ ተመልካቹም ከአዳራሽ ሲወጣ ያገኘውን ወዳጁን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የብዙ ደራስያንን አንደበት አስሯል። ጭብጡን በአንድ ዐረፍተ ነገር አሰናድቶ የቀረበ፣ በውስጡ ግን ሕይወት የሌለው ሥራ ሲመሰገን፣ ሕይወት ሞልቶት ሳለ ባለቤቱ «ስለዚህ ነው» ብሎ ማስረዳት ያቃተው ሥራ ደግሞ ከደጅ ሲመለስ መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን የኪነ ጥበብ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁትን ፈተና ወደ ሣቅ ለውጠው ካቀረቡት ሥራዎች አንዱ «ሳይንፌልድ» በተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ የሚገኝ አንድ ክፍል ነው። ርእሱ «ዘ ፒች» ይባላል። ቃሉ ደራሲ ገና ያልተጻፈ ሥራውን ገንዘብ በሚያወጡለት ሰዎች ፊት ቀርቦ በቃል የሚያስረዳበትን ልማድ ያመለክታል። ክፍሉን የጻፈው ላሪ ዴቪድ፣ ያዘጋጀው ቶም ቼሮንስ ሲሆን፣ ኤን.ቢ.ሲ. በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1992 ነው።

«ሳይንፌልድ» እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1998 ድረስ በዘጠኝ ዙር 180 ክፍሎች የቀረቡበት ሥራ ነው። መቼቱ የኒው ዮርክ ከተማ ነው። ዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት አራት ወዳጆች ናቸው፤ በመድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ቀልድ የሚያቀርበው ጄሪ፣ የልጅነት ጓደኛው ጆርጅ ኮስታንዛ፣ ጎረቤቱ ክሬመር፣ እንዲሁም ኢሌን። ጄሪን የሚጫወተው ራሱ ኮሜዲያኑ ጄሪ ሳይንፌልድ በገዛ ስሙ ነው። ጆርጅን ጄሰን አሌክሳንደር፣ ክሬመርን ማይክል ሪቻርድስ፣ ኢሌንን ጁሊያ ሉዊስ ድሬይፈስ ይጫወታሉ። የጆርጅ ገጸ ባሕርይ የተቀረጸው ከደራሲው ከላሪ ዴቪድ ከራሱ ሕይወት መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህም «ዘ ፒች» ሁለት ጓደኛማቾች ድርሰት ለመሸጥ ሲሞክሩ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው ግን ሌሎች ሁለት ጓደኛማቾች፣ ማለትም ሳይንፌልድና ዴቪድ፣ የራሳቸውን የሥራ ታሪክ መልሰው ይመረምሩበታል።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። የኤን.ቢ.ሲ. ባልደረቦች የጄሪን የመድረክ ቀልድ ካዩ በኋላ አንድ ተከታታይ ኮሜዲ እንዲያስብላቸው ይጋብዙታል። ጄሪ ደስ ይለዋል፤ ሐሳብ ግን የለውም። ዘወትር ከሚቀመጡበት ካፌ ከጆርጅ ጋር ሆነው ይመክራሉ። አንዱ የዕቃ መደብር ባለቤት ይሁን ይላል፣ ሌላው የስፖርት አስተማሪ፤ የሚነሣው ሐሳብ ሁሉ ከዚህ በፊት ሺህ ጊዜ የታየ ነው። ጎረቤቱ ክሬመር በበኩሉ፣ ጄሪ የአንድ ሰርከስ ኃላፊ ሆኖ ለዓይን እንግዳ የሆኑ ሰዎችን ያስተዳድር ሲል ይመክራል። በመካከሉ ሁለቱ ወዳጆች ስለ ምግብ ማባያ ተራ ወሬ ይዘው ሲጫወቱ ጆርጅ ድንገት ይነቃል። ድርሰቱ ይኸው ነው ይላል፤ ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ። ጄሪ «ታሪኩስ?» ብሎ ሲጠይቀው ታሪክ አያስፈልግም ይለዋል። ስለ ምን እንደሆነ ሲጠየቅም መልሱ አንድ ነው፤ ስለ ምንም።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ጆርጅ ለሐሳቡ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅሰው፣ በአንድ ወቅት በቻይና ምግብ ቤት ጠረጴዛ እስኪለቀቅላቸው የቆሙበትን ምሽት ነው። ይህ ከባዶ የመጣ ምሳሌ አይደለም። «ዘ ቻይኒዝ ሬስቶራንት» የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 ታይቷል። በዚያ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሆነው ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ሲጠብቁ ብቻ ነው። የጣቢያው ኃላፊዎች «ታሪክ የለውም» ብለው ቅር ተሰኝተውበት ነበር። ጆርጅ በካፌው ውስጥ የሚከራከረው እንግዲህ ደራሲው በእውነተኛው ቢሮ የተከራከረውን ክርክር ነው።

ለመሆኑ ጠረጴዛ መጠበቅ ምንም ነውን? የሚጠብቀው ሰው ይርበዋል፤ ከኋላው የመጣ ሰው ቀድሞት ሲገባ ያያል፤ ጉቦ ልስጥ ወይስ አልስጥ ብሎ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ ሰዓቱ ይሄድበታል። ግጭት አለ፤ ፍላጎት አለ፤ እንቅፋት አለ። የተውኔት መምህራን ስለ ሴራ ሲያስተምሩ የሚዘረዝሩት ሁሉ በዚያች ጠባብ መጠበቂያ ውስጥ ይገኛል። የሌለው ሰይፍና ዙፋን ብቻ ነው። ጆርጅ «ምንም» የሚለው እንግዲህ በትክክለኛ ስሙ ቢጠራ «ትንሽ ነገር» ነው። «ምንም» እና «ትንሽ» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የጭብጥ አለመኖር ሲሆን፣ ሁለተኛው የጭብጡ መጠን ነው። የዚህ ክፍል ቀልድ በሙሉ የተገነባው በእነዚህ ሁለት ቃላት መደባለቅ ላይ ነው።

ደራሲው ሁለተኛ ጥያቄም በዚያው የካፌ ጠረጴዛ ላይ ያነሣል። ጄሪ ሐሳቡን ለጣቢያው ለማቅረብ «እሄዳለሁ» ሲል፣ ጆርጅ «እንሄዳለን» ብሎ ያርመዋል። ጄሪም ከመቼ ወዲህ ደራሲ እንደሆነ ይጠይቀዋል። የጆርጅ መልስ አጭር ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ደራሲነት ምን ያስፈልጋል? የሚል ነው። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ሣቁ ግን ሁለት አፍ አለው። አንደኛው ሙያውን በሚንቀው በጆርጅ ላይ ነው። ሁለተኛው እንዲህ ዓይነት ንቀት እንዲደርስበት ባደረገው በራሱ በሙያው ላይ ነው። ሳይሠለጥን ደራሲ ነኝ የሚል ሰው የሚበዛው ሥራው ራሱን ማስከበር ባልቻለበት ቦታ ነውና።

በጓደኛማቾች መካከል የሚደረግ የጋራ የፈጠራ ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነም ከዚህ ይታያል። ሐሳቡ የጆርጅ ነው፤ ስሙ፣ ተሰጥኦውና ግብዣው የጄሪ ነው። ጆርጅ በወቅቱ ሥራ የለውም። በኤን.ቢ.ሲ. እንግዳ መቀበያ ክፍል ተቀምጦ ሳለ ፍርሃት ይይዘዋል፤ ከበሩ ወዲያ ያሉት ሰዎች ሥራ ያላቸው፣ ሙሉ ልብስና ክራቫት የሚያደርጉ፣ ባለትዳሮችና ባለጸሐፊዎች ናቸው ብሎ ይንቀጠቀጣል። ጄሪ ያበረታዋል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሚናቸው ይገለበጣል። በውጭ ይንቀጠቀጥ የነበረው በውስጥ ይኮራል። ቀደም ሲል ምን እንደጻፈ ሲጠየቅ ያልጻፈውን ተውኔት ጽፌያለሁ ይላል፤ ስለ አንድ ሜክሲኳዊ ምግብ አብሳይ ነው ብሎም ይፈጥራል። አበረታቹ ጄሪ ደግሞ አንገቱን ይደፋል።

የክፍሉ ማዕከል የሆነው ይህ የቢሮ ትዕይንት ነው። የጣቢያው አለቃ ራስል ዳልሪምፕል፣ የሥራ ባልደረባው ሱዛን ሮስና ሌሎችም ተቀምጠዋል። አለቃው ሥራው ስለ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ጆርጅ «ስለ ምንም» ይላል። ጄሪ ነገሩን ለማለዘብ ይሞክራል፤ ምንም ማለትም አንድ ነገር ነው ወደሚል ፍልስፍና ያዘነብላል። ጆርጅ ግን ማለዘብ አይፈልግም። አለቃውን ዛሬ ምን ሲሠራ እንደዋለ ይጠይቀዋል፤ ተነሥቼ ወደ ሥራ መጣሁ ሲለው፣ ድርሰቱ ይኸው ነው ይለዋል። ጄሪ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ሊያጋጥም ይችላል ሲል፣ ጆርጅ ምንም አያጋጥምም ብሎ ይገታዋል። በዚህ ጊዜ አለቃው ታላቁን ጥያቄ ያነሣል፤ ታዲያ እኔ ለምን አየዋለሁ? ጆርጅ በቴሌቪዥን ስለሚታይ ነው ብሎ ይመልሳል። አለቃው ገና አልታየም ይላል።

ይህ ምልልስ በሚገባ ሊመረመር ይገባዋል። ብዙ ተመልካች በዚህ ቦታ ከጆርጅ ጎን ተሰልፎ፣ ክራቫት ባሰረው አለቃ ላይ ይሥቃል። ይሁን እንጂ አለቃው ያነሣው ጥያቄ ትክክል ነው። ማንም ሰው ከሕይወቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆርሶ ሲሰጥ በምትኩ ምን እንደሚያገኝ የመጠየቅ መብት አለው። የጆርጅ መልስ ግን ከሚያስበው በላይ እውነት ይናገራል። ሰዎች ብዙ ነገር የሚያዩት ስለሚታይ ብቻ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው፣ በመስኮቱ ያለፈው ሁሉ ይታያል። ላሪ ዴቪድ ቴሌቪዥንን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሄሰው በዚህ ቦታ ነው፤ የሄሰውም በዚያው በሚሄሰው ጣቢያ፣ በዚያው ጣቢያ ገንዘብ፣ በዚያው ጣቢያ ስም ነው። የኤን.ቢ.ሲ.ን ስም ሸሽጎ በፈጠራ ስም ቢለውጠው ኖሮ የቀልዱ ስለት በዶለዶመ ነበር።

ትዕይንቱ የሚያበቃበት መንገድ ደግሞ የደራሲውን ብስለት ያሳያል። ጆርጅ የጥበብ ክብሬን ለማንም ብዬ አልለውጥም፣ ይህ ነው ድርሰቱ፣ አንቀይረውም ብሎ ይፎክራል። ወደ ጓደኛውም ዘወር ብሎ ድጋፍ ይጠይቃል። ጄሪ ግን ወደ ኃላፊዎቹ ዞሮ፣ እኔ የሰርከስ ኃላፊ ብሆንስ? ይላል። ከደቂቃዎች በፊት የናቀውን የጎረቤቱን ሐሳብ በጭንቅ ሰዓት ያነሣዋል። አዲስ ነገር የያዘው ሰው ሊያስረዳው አልቻለም፤ ሊያስረዳ የሚችለው ሰው በአዲሱ ነገር አላመነበትም። ጆርጅ እምነት አለው፣ ሙያ የለውም፤ ጄሪ ሙያ አለው፣ እምነት የለውም። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ደራሲ ይወጣቸዋል፤ ተነጣጥለው ግን አንዱ ፎካሪ፣ ሌላው አጎብዳጅ ሆነው ይቀራሉ።

ከዚህ በኋላ መጠየቅ የሚገባው፣ ይህ «ስለ ምንም» የሚባለውን ድርሰት የሚያስተዋውቅ ክፍል ራሱ እንዴት ተገነባ? የሚለው ነው። መልሱ አስገራሚ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ ቦታው የገባ ነገር በቀላሉ አይገኝም። ክሬመርና ኒውማን አንድ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት፣ የትራፊክ ፖሊስን ራዳር አስቀድሞ በሚጠቁም መሣሪያ ይለዋወጣሉ፤ መሣሪያው የማይሠራ ሆኖ ይገኛል። ይህ ከዋናው ታሪክ ጋር ግንኙነት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን በጎረቤቶች መካከል ባዶ ዕቃ ሲሸጥ የሚያሳየው ይህ ትንሽ ገበያ፣ በቢሮው ውስጥ «ምንም» ለሽያጭ የሚቀርብበት የትልቁ ገበያ ጥላ ነው። ጄሪ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ያገኘው ጆ ዳቮላ የተባለ ደራሲም አለ። ጄሪ ወሬ ለማሟላት ያህል ስለ ክሬመር ግብዣ ያነሣበታል፤ ዳቮላ ግን አልተጠራም ነበር። ከዚህች የአንድ ዐረፍተ ነገር ስሕተት የሚወለደው ጠብ ከዚህ ክፍል አልፎ በዙሩ ሌሎች ክፍሎችም ይቀጥላል። ጆርጅ በቢሮው ውስጥ ምንም አያጋጥምም እያለ ሲምል፣ ከቢሮው ደጅ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ አጋጥሟል። የገጸ ባሕርዩን ንግግር የሚያፈርሰው የድርሰቱ አወቃቀር ራሱ ነው። በቅኔ ቋንቋ ቢነገር፣ «ምንም» ሰሙ ነው፤ ወርቁ የሴራው ጥብቀት ነው።

የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ሰሙን ይዞ መሄዱ ነው። ከዚህ ክፍል በኋላ «ስለ ምንም የሆነ ኮሜዲ» የሚለው አነጋገር ለ«ሳይንፌልድ» ሁለተኛ ስም ሆኖ ቀረ። እውነተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ጄሪ ሳይንፌልድ በኋለኞቹ ዓመታት እንደገለጸው፣ ከላሪ ዴቪድ ጋር ለኤን.ቢ.ሲ. ያቀረቡት ሐሳብ አንድ ኮሜዲያን ቀልዱን ከየት እንደሚያገኝ የሚያሳይ ሥራ ነበር። በቀደሙት ዙሮች በክፍሉ መግቢያና መጨረሻ ላይ ጄሪ ማይክሮፎን ይዞ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በመካከል የሚታየው ኑሮ በመድረኩ ላይ ለሚነገረው ቀልድ ምንጭ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ደግሞ ጥርት ያለ ጭብጥ ነው፤ የዕለት ኑሮ እንዴት ወደ ጥበብ ይለወጣል? የሚል ነው። የሚታይን የሚመለከት ዓይን፣ የሚሰማን የሚለቅም ጆሮ ያለው ሰው ምንም ከሚመስለው ውስጥ ነገር ያወጣል። በጆርጅ አፍ የተነገረው ቀልድ የደራሲዎቹ እምነት ተደርጎ መወሰዱ፣ ገጸ ባሕርይንና ደራሲን ለይቶ ያለማየት የቆየ ስሕተት ነው።

ከዚህ ስሕተት የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። ያልታሰበበትን፣ ያልተለፋበትን ጽሑፍ ይዞ «ስለ ምንም ነው» በማለት የሚመጻደቅ ጀማሪ ደራሲ የሚጠቅሰው ጆርጅን ነው፤ የሚያስፈልገው ግን የላሪ ዴቪድ ልፋት ነው። ማስታወቂያው ሲቀነስ ከግማሽ ሰዓት በታች በሚሆን ጊዜ ውስጥ ሦስት አራት ክሮችን ፈትሎ በመጨረሻ አንድ ላይ መቋጨት በወሬ ብቻ የሚገኝ ችሎታ አይደለም።

ሌላው ሊመረመር የሚገባው ነጥብ የትምህርት ጉዳይ ነው። ላሪ ዴቪድ ለዚህ ተከታታይ ሥራ ያወጣው መመሪያ፣ መተቃቀፍም መማርም የለም የሚል እንደነበር ይታወቃል። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተለመደው የቤተሰብ ኮሜዲ ጥፋተኛው ተጸጽቶ፣ ሁሉም ተቃቅፎ፣ ለስለስ ባለ ሙዚቃ ታጅቦ የሚያልቅ ነበር። ዴቪድ ይህን ከለከለ። መምህራን በዚህ ሊያዝኑ ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን ገጸ ባሕርይ አለመማሩና ተመልካች አለመማሩ አንድ አይደሉም። ጆርጅ ከውሸቱ አልተማረም፤ ተመልካቹ ግን ስለ ውሸት፣ ስለ ፉከራ፣ ጓደኛን በጭንቅ ሰዓት ስለ መክዳት ብዙ አይቷል። ምክር በገጸ ባሕርይ አፍ ሲነገር በጆሮ ያልፋል፤ በድርጊት ሲታይ ግን ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል፤ ራሱ የደረሰበትንም አይረሳም።

ይህ ሲባል ክፍሉ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጉድለት የዳቮላ ጉዳይ ነው። ሰውየው የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፤ ድርሰቱ ግን ሕመሙን ከማስፈራሪያነት አሳልፎ አይመለከተውም። እርሱም ደራሲ መሆኑ፣ በዚያው መቀበያ ክፍል መገኘቱ፣ ለሁለቱ ወዳጆች መስተዋት ሊሆን በቻለ ነበር፤ ሳይሆን ቀርቷል። ሁለተኛው የሱዛን ጉዳይ ነው። ሱዛን ለሐሳቡ ቀና አመለካከት የምታሳይ ሴት ናት። በጄሪ ቤት የሚጠብቃት ግን የተበላሸ ወተት የጠጣው ክሬመር ላይዋ ላይ ማስመለሱ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ተራ የኮሜዲ ውርጅብኝ ተብሎ በታለፈ። ነገር ግን በዚያው ዙር በጆርጅ ሰበብ ሥራዋን ታጣለች፤ በኋላም የጆርጅ እጮኛ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በታየ ክፍል ላይ እርሱ በርካሽነታቸው የመረጣቸውን የሠርግ ጥሪ ኤንቬሎፖች ስታሽግ በሙጫቸው ተመርዛ ትሞታለች። ለጥበብ ሰዎቹ በር የከፈተችው ሴት የወጪው ሁሉ ከፋይ ትሆናለች። ኢሌንም በዚህ ክፍል ወደ አውሮፓ ሄዳለችና ከሚመካከሩት መካከል የለችም፤ የሴት ድምፅ ጎድሏል።

ደራሲዎቹ ይህን የገጸ ባሕርያቱን ግዴለሽነት ጨርሶ አላስተዋሉትም ለማለት ግን አይቻልም። ላሪ ዴቪድ በጻፈውና እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1998 በታየው የመጨረሻ ክፍል፣ አራቱ ወዳጆች አንድ ሰው ሲዘረፍ ቆመው በመሣቃቸው ለፍርድ ይቀርባሉ። በየዘመኑ የበደሏቸው ሰዎች አንድ በአንድ ይመሰክሩባቸዋል፤ በአንድ ዓመት እስራትም ይቀጣሉ። ይህን ፍርድ በአሜሪካ ወደ 76 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመልክቶታል። ብዙዎች መጨረሻውን አልወደዱትም። ቢሆንም መማር የለም ያለው ደራሲ፣ ተጠያቂነት የለም እንዳላለ ያስረዳል።

የጆርጅ የጥበብ ክብርስ ከምን ደረሰ? ተከታዮቹ ክፍሎች በቁጥር ይመልሳሉ። ጣቢያው ለሙከራው ክፍል 13,000 ዶላር ሲያቀርብላቸው ጆርጅ አነሰ ብሎ እንቢ ይላል፤ ጣቢያው ፊቱን ሲያዞር ደግሞ ወደ አለቃው ዘንድ ሄዶ ይለምናል፤ በመጨረሻም በ8,000 ዶላር ይስማማል። የጻፉት ሥራ «ጄሪ» ተብሎ በዙሩ ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 1993 ይታያል፤ አለቃው ከቦታው ሲለይ የተተካችው ኃላፊ ወዲያውኑ ትሰርዘዋለች። በትዕይንቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ጓደኛማቾች ወደቁ፤ ከትዕይንቱ ውጭ ያሉት ሁለቱ ግን በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ኮሜዲ ተብለው የኤሚ ሽልማት አገኙ። የሥራው ዓይነት አንድ ነው፤ ጠረጴዛው አንድ ነው፤ ወሬውም አንድ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ወገን «ምንም» ብሎ የተወውን ትንሽ ነገር ሌላኛው ወገን ቁጭ ብሎ መጻፉ ነው።

ስለዚህም «ስለ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ወገኖችን ይፈትናል። ደራሲው «ስለ ምንም» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ ትንሿን ነገር በስሟ ጠርቶ ውስጧ ያለውን ረኃብ፣ ፍርሃትና ኩራት ማሳየት ይጠበቅበታል። ጠያቂውም፣ መምህርም ይሁን የቴአትር ኃላፊ፣ ትልቅ ርእስ ስላልሰማ ብቻ «ታሪክ የለውም» ብሎ መመለስ አይገባውም። ሰርከሱ ሁልጊዜ በእጅ አለ፤ የሚያሥቅ፣ የተለመደ፣ ማንንም የማያስቆጣ ነው። ከጠያቂው የሚጠበቀው አዲስ ነገር የያዘው ሰው ተንተባትቦ ሲያስረዳ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው።